ክኒኑ የሠራ ዕለት

ክሩ ገና በመጀመሪያው ሙከራ በመርፌዋ ቀዳዳ ሹልክ ሲል ልብስ ሰፊው ክው አለ። እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጦ አየው። ስንት ዘመን ሲንቀጠቀጥ የኖረው እጅ፣ ሐኪሙ ባዘዘለት አዲስ ክኒን ረግቶ ቁጭ ብሏል። ደስ ይበለው ይክፋው ግራ ገባው።

ቀና ሲል ሚስቱ መነጽሯን አጥልቃ፣ እንደ ወትሮዋ መርፌዋን ልትቀበለው እጇን ዘርግታለች። ክር የምታስገባለት እሷ ነበረች፤ ተኮራርፈው ያደሩ ዕለት እንኳ የሚታረቁት በዚህች መርፌ ነበር። ምን እንደነካው ሳያውቅ ክሩን ቀስ ብሎ መዘዘና መርፌዋን ሰጣት።

«ዛሬም እምቢ አለኝ።»

«ወይ አንተ ሰውዬ፣ አይቼሃለሁ እኮ!» አለችው። ክሩን ግን በከንፈሯ አርሳ አሾለችውና መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አነሳች።