ደንቡ ወጣ

ከመንደሩ በላይ ትልቁ የዶሮ እርባታ ከተተከለ ወዲህ የበየነችን ልጅ ሳል አልለቀቃትም። ሽታው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የኩሱ እጣቢ ምንጩ ውስጥ ይገባል። በየነች ቀበሌ ብትመላለስም መልሱ ያው ነበር፦ «ደንብ ሳይኖረን በምን እንጠይቃቸው?»

አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ነጭ ቱታ የለበሱ ሁለት ባለሙያዎች አስከትሎ ደጇ ቆመ።

«እትዬ በየነች፣ ደንቡ ወጣ» አላት።

«ተመስገን! ኑ፣ በዚህ በኩል ነው» ብላ ወደ እርባታው ልትመራቸው ቀደመች። የተከተላት ግን አልነበረም። ዞር ስትል ሰዎቹ ጓሮዋ ገብተው ሦስቱን ዶሮዎቿን ጆንያ ውስጥ ይከታሉ።

«ኧረ የልጄን እንቁላል! ምን አጠፋሁ?»

ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። «በእርባታው ዙሪያ የሚኖር ሰው ዶሮ እንዳያረባ ነው ደንቡ» አላት፤ «የእናንተ ዶሮ በሽታ እንዳያስገባባቸው።»