ለውባንቺ የላክሁት ሙቀት

ዘንድሮ መንዝ ላይ አርባ ቀን ውርጭ ይመታል ተባለ። የልጅ ልጄ ውባንቺ አምና በብርዱ ሳንባዋን ታማብኛለች፤ ዘንድሮም በማለዳ ገብስ አጨዳ ትወጣለች። የገላ ሙቀት በእጅ አምባር ለሌላ ሰው መላክ ከተቻለ ወዲህ፣ የእኔን በስውር እልክላታለሁ። ድመቴ ጭኔ ላይ መተኛት ከተወች ሳምንቷ ነው።

ትናንት ውባንቺ ከማሳ ገብታ እጄን ስትስም ደነገጠች።

«እምዬ፣ በረዶ ሆነሻል! እኔማ በዚያ ውርጭ ላብ እያጠመቀኝ ሹራቤን ሳወልቅ፣ የደቦው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ!»

«ይሳቁ! ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ አይደል የሚስቁት?»

«ነገ ሁለት ሹራብ እደርባለሁ፤ አንቺ ግን ይብቃሽ» ብላ አምባሩን ከእጄ አወለቀችና ጋቢዬ ውስጥ ገብታ አቀፈችኝ። ጣቶቼ ሲሞቁ ክፉኛ ቆረጠሙኝ። እንዳትነሳብኝ ጋቢውን በላይዋ ሳብኩት።