የእየሩስን አይን ማን በላው?

«አይንሽን ከልጄ ላይ አንሺ! አንቺ ነሽ የበላሻት!»

ዙፋን ይህን የጮኸችው ሱዳን፣ ሾዋክ ከተማ ውስጥ፣ ሴቱ ሁሉ ለውሃ በተሰለፈበት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ያ ሰው የሚያደንቀው ንቅሳታም አንገቷ ስሩ ተገታትሯል...

የተጮኸባት ጎረቤቷ ሣህሊቱ ናት። ገበያው ዳር ሻይ ሸጣ የምታድር፣ ሰው የማትነካ ሴት።

ጥፋቷ?

የዙፋንን ልጅ እየሩስን ጉንጯን ስማ «ውይ፣ አይኖቿ ሲያምሩ!» ብላ ነበር። በቃ!

ከዚያ ወዲህ የአስራ አንድ ዓመቷ ልጅ አይኖች እየፈጠጡ መጡ... ተኝታ እንኳ አይከደኑም። ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ልቧ ድው ድው ይላል። እጇ እየተንቀጠቀጠ የያዘችውን ሁሉ ትጥላለች።

ቡዳ በልቷታል ተባለ። ቡዳዋም ይኸው ተገኘች።

ከዚያች ቀን በኋላ የሣህሊቱን ሻይ የሚጠጣ ጠፋ። ምድጃዋንና ብርጭቆዎቿን ጠቅልላ፣ ማንንም ሳትሰናበት ከሾዋክ ወጣች።

ዙፋን ደግሞ የቡዳ መድኃኒት እያጨሰች ልጇን ማጠን ያዘች።

«እማዬ አቃጠለኝ... አይኔን አቃጠለኝ!»

«ቻይ! ሊለቅሽ ነው።»

ያ የማይከደን አይን ፍም መሰለ።

አንድ ቀን እየሩስ እናቷን ትክ ብላ አየቻትና «እማዬ... ሁለት ሆነሽ ነው የምትታይኝ» አለቻት።

ዙፋን ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ባሏ ካሣ ፋሽጋ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው። እሱን ሳትጠብቅ ልጇን ይዛ ገዳሪፍ ሆስፒታል ገባች።

ሐኪሙ ሽበታም ሱዳናዊ ናቸው። የዙፋን አረብኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። «አማርኛ የሚችል ፈልጉ» ተባለና ነርሷ ከበሩ ላይ አንዲት ሻይ ሻጭ ይዛ ገባች...

ሣህሊቱ!

ዙፋን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ሣህሊቱ ግን ያየችው እየሩስን ነው። «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለቻትና ወደ ሐኪሙ ዞረች።

ሐኪሙ የልጅቷን አንገት ዳበሱ። ልቧን አዳመጡ። የተዘረጉ ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ አዩ።

«የጠረጠርኩት አንገቷ ውስጥ ያለውን ዕጢ ነው» አሉ፤ ሣህሊቱ ትተረጉማለች። «እሱ ሲታወክ ልብንም አይንንም ይነካል። የደሟ ውጤት ሌላ ከተማ ደርሶ እስኪመጣ፣ በዚህ ጦርነት፣ ይቆያል። በቤተሰቡ እንዲህ ያለ በሽታ ወይም እንቅርት ካለ ግን ነገሩ ይጠራልኛል፤ መድኃኒቱን ዛሬውኑ እጀምርላታለሁ። አንቺ እናቷ ታመሽ ታውቂያለሽ?»

«ማፊ!» አለች ዙፋን፣ በአረብኛ። የለም!

ለውሸቱ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

«እንግዲህ ውጤቱን እንጠብቃለን» አሉ ሐኪሙ።

ሣህሊቱ የዙፋንን አንገት አየች። እሷም እንደ ዙፋን የጎንደር ልጅ ናት። አገር ቤት አንገት የሚነቀሰው ለውበት ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች።

«እኔ ያልሽውን ነው የምነግራቸው፣ ያላልሽውን አልጨምርም» አለቻት ቀስ ብላ። «ግን ዙፋን... የልጅሽ አይን ነው።»

ዙፋን ወደ ልጇ ዞረች። እየሩስ መክደን በማትችለው አይኗ እያየቻት ነው...

ነጠላዋን ከአንገቷ ገፈፈችው።

«በሷ እድሜ እንቅርት ወጥቶብኝ ነበር» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «አይኔም ፈጦ ነበር። ልቤም እንዲሁ ነበር የሚመታው። እንቅርቱ ይጠፋል ብላ ያስነቀሰችኝ እናቴ ናት። ከዓመታት በኋላ በራሱ ጊዜ ተወኝ... ለካሣ ለውበት ነው አልኩት።»

ሣህሊቱ አንድ ቃል ሳታስቀር ተረጎመች።

ዙፋን ግን አልጨረሰችም።

«እየሩስን ሲጀምራትም አውቄዋለሁ ሣህሊቱ። ገና ሲጀምራት። ከእናቷ ነው ከሚባል... ካንቺ ነው ቢባል ቀለለኝ።»

ይህኛውን ሣህሊቱ አልተረጎመችውም።

መድኃኒቱ በዚያው ቀን ተጀመረ። አይኗን የሚያረጥብ ጠብታም ተሰጣት። «ጭስ ግን ከአይኗ ይራቅ» አሉ ሐኪሙ። «የሲጋራም ሆነ የሌላ።»

«ቻይ» ያለችው ለዙፋን ትዝ አላት። አንገቷን ደፋች።

ዛሬ እየሩስ እናቷን አንድ አድርጋ ታያለች። እጇም ረግቷል። አይኖቿ ግን ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አልሆኑም።

ዙፋን ሾዋክ ተመልሳ፣ እዚያው የውሃ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ አንገቷን አሳይታ እውነቱን ተናገረች። ገሚሱ አዘነ፣ ገሚሱ ተሳለቀ። ለካሣም ራሷ ነገረችው። እሱ እንቅርቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። «ልጅቷን በጭስ ስታቃጥያት እያወቅሽ ነበር?» ብቻ አላት።



ለክትትል ገዳሪፍ ስትሄድ ሣህሊቱ ጋ ቁጭ አለች።

«ለሁሉም ነግሬያለሁ። ወደ ሰፈርሽ ተመለሺ፣ በሞቴ!»

ሣህሊቱ ሻይ ቀድታ ሰጠቻት።

«እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን ዙፋንዬ፣ ያን ቀን ቡዳ ናት ስትይ የሰማሽ ሁሉ... አይደለችም ስትይ ሰምቶሻል?»

ዙፋን ሻዩን ጠጥታ ብቻዋን ወደ ሾዋክ ተመለሰች።

ወዳጆቼ... «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይባላል። ዙፋን የባሰችው የራሷ ማረሩን እያወቀች ማማሰሏ ነው። እፍረታችንን ለመሸፈን የሰው ስም ስናጠፋ ስሙ ተመልሶ አይታጠብም፤ በመሀል የሚጎዳው ደግሞ ልጃችን ነው። የልጅ አይን ሲፈጥ፣ ልቡ ሲመታ፣ እየበላ ሲከሳ ካያችሁ ጥፋተኛ አትፈልጉ፤ ሐኪም ፈልጉ!

እስቲ ሳትዋሹ መልሱልኝ... እናንተ ሣህሊቱን ብትሆኑ፣ ያን ቀን ለዙፋን ልትተረጉሙ ትገቡ ነበር ወይስ «አማርኛ አልችልም» ትሉ ነበር?