አንቀልባው

ከአቀስታ አራት ቀን በእግሯ ተጉዛ መካነ ሰላም ስትገባ፣ በከተማው የምታውቀው አንድም ሰው አልነበረም። ዓባይን ተሻግራ ጎጃም እስክትደርስ ገና ብዙ መንገድ ይቀራታል። ጀርባዋ ላይ ያለውን አንቀልባ ሳታወርድ የአንድ ሱቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ከውስጥ ሬዲዮው ስለ አዲሱ ደርግ ያወራል።

ባለሱቋ አየቻትና በጣሳ ወተት ይዛ ወጣች። «አብሽሪ እህቴ! በይ መጀመሪያ ልጁን እናጠጣው» ብላ አንቀልባውን ገለጥ አደረገች። እጇ ቀዝቃዛ ድንጋይ ነካ። የወፍጮ መጅ ነበር።

«ልጁስ?»

«ሴት ነበረች። አቀስታ ቀበርኳት።»

ባለሱቋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «ታዲያ ይሄ ድንጋይ ምን ያደርግልሻል?» አለች። «እዚሁ ጣይው፤ ቁልቁለቱ ላይ ይገድልሻል።»

«ጎጃም እህል አለ ብለውኛል። ሰው ደጅ ቆሜ አልለምንም፤ ፈጭቼ ነው የምበላ።»

እጇን ለወተቱ ዘረጋች። እንደቆመች ባንድ ትንፋሽ ጨለጠችውና ጣሳውን መለሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንቀልባውን ወደ ላይ ገፋ አደረገችው፤ እጇም እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ዞሮ ቸብ ቸብ አደረገው።

«አላህ ይስጥልኝ» አለች። «የዓባይ መውረጃው በየት በኩል ነው?»