የአያ አጥናፉ ቤልጅግ

በወገዳና በዙሪያዋ አያ አጥናፉ የማያውቁት ጠመንጃ የለም ይባላል። ይህን አዘውትረው የሚናገሩት ራሳቸው አያ አጥናፉ ናቸው። ምንሽሩን ከቤልጅጉ፣ ደህናውን ከተለጣጠፈው ይለያሉ፤ የተሠራበትን ዘመን ይናገራሉ፤ ዋጋ ይቆርጣሉ። ይህን ሁሉ ዕውቀት ተሸክመው የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠመንጃ። በሰርግ ሰው ሁሉ አንግቶ ሲፎክር እሳቸው ዱላ ይዘው መቆማቸው ያንገበግባቸዋል።

አንድ የገበያ ቀን ከል የለበሰች ሴት በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አዝላ ደጃቸው ደረሰች። ሁለት ጋቢ የለበሱ ወንዶች ከኋላዋ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

«ተዋበች እባላለሁ፤ ከእስቴ ነው የመጣሁ። እነዚህ ዋርሶቼ ናቸው፤ ወንድማቸው፣ ባለቤቴ፣ አምና ሞተብኝ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ አያ አጥናፉ፣ ዓይናቸውን ከከረጢቱ ሳይነቅሉ።

ሲፈታ ቤልጅግ ነው። መቀርቀሪያውን ሳቡት፤ ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። የስልካቸውን መብራት በአፈሙዙ በኩል አበሩበት፤ ውስጡ ያብለጨልጫል። ከብረቱ ላይ የአንበሳው ምልክት፣ ከሥሩ በፈረንጅ ቁጥር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አራት። ከእንጨቱም ከብረቱም ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው። ምኑም አልተለወጠም። የሁለት ጥማድ በሬ ዋጋ ነው ሲሉ በልባቸው ቆረጡ።

«ውይ እቴ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ተለጣጥፎ የተሠራ ነው። ጊደርም አያወጣ። ይዘሽው ከምትለፊ ግን እኔው...»

«ልሸጠው አይደለም። አምና ለፍልሰታ ወንዝ ዳር ወድቆ ተገኘ። የሰው ንብረት ታቅፌ እንቅልፍ አጣሁ። እርስዎ የማን እንደሆነ አያጡትም ቢሉኝ ነው የመጣሁ።»

አያ አጥናፉ እንዲህ ያለ የዋህ ሰው ገና በምድር ላይ መኖሩ ደነቃቸው። አዘኑላትም፤ ሐዘኑ ግን ብዙ አልቆየባቸውም። ጠመንጃውን እንደ አዲስ አገላበጡና እንባ አቀረሩ።

«ይሄማ የእኔው ነው። የአባቴ ውርስ።»

«ተለጣጥፎ የተሠራ ነው አላሉም?» አለ ታላቁ ዋርሳዋ ይታየው።

«ሌባ እንዳይመኘው ነዋ እንዲያ የምል።»

«እንዴት ጠፋብዎ?» አለች ተዋበች።

«ያው ለፍልሰታ ነው። ወንዝ ስሻገር ሙላት አንገዳገደኝና ከትከሻዬ ወደቀ።»

«ምናልባት ያዋሱት ሰው ጥሎት እንዳይሆን?»

አያ አጥናፉ ነቁ። ነገ ሌላው ተነሥቶ የእኔ ነው እንዳይል ቀዳዳውን ዛሬ መድፈን ነበረባቸው።

«ለማንም አውሼ አላውቅም። እስከወደቀባት ቀን ድረስ ከእኔ በቀር የሰው እጅ አልነካውም።»

«እንግዲያው ይማሉልኝና ይውሰዱት።»

ወደ ሚካኤል ደጀ ሰላም ሄዱ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከገበያ የተጠሩ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው አያ አጥናፉ ማሉ። በሐሰት የማለ ዘሩ አይበረክትም እንደሚባል አልጠፋቸውም፤ ለንስሐ ግን ሁዳዴ እየመጣ ነው። እንዲያውም የተጠየቁትን ብቻ መማል ንፉግነት መሰላቸውና «ያን ዕለት ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ ሚካኤል ይፍረድብኝ» ብለው ጨመሩበት። ከዚያ ቤልጅጉን ለመቀበል ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ተዋበች ወደ ዋርሶቿ ዞረች። «ከተገደለው ወንድማችሁ ሬሳ አጠገብ የወደቀው ጠመንጃ የማን እንደሆነ እንግዲህ ሰማችሁ።»