ዋናው ሲዘጋ

ቧንቧ ሠራተኛው ያረጀውን ዋና የውሃ መዝጊያ ሊቀይር ቆጣሪው አጠገብ ተንበረከከ። የቤቱ እመቤት አናቱ ላይ ቆማ ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም። ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶም ቆጣሪው መዞሩን አላቆመም ነበር።

«እናት፣ ጥፋቱ የመዝጊያው ብቻ አይመስለኝም» አላት።

ይኸው፣ ግቢዬን ሊያስቆፍረኝ ነው፣ አለች በልቧ።

«እንዳትዘናጊ ልጄ!» አሏት ጎረቤቷ፣ ከአጥሩ ማዶ አበባቸውን በጎማ እያጠጡ። «ዞር ካልሽ ጉድ ይሠራሻል።»

«ኧረ እትዬ፣ መች ልዘናጋ!»

ሠራተኛው ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁልፍ አጥብቆ ዘጋው። ወዲያው ከጎረቤቷ ጎማ የሚወርደው ውሃ ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። አሮጊቷ ጎማውን ቀስ ብለው ከቀሚሳቸው ኋላ ደበቁት።

«አዲሱን መዝጊያ አስሬ ልክፈተው?» አለ ሠራተኛው።

«እሰረው ወንድሜ፤ እንዳትከፍተው ግን» አለች፣ ዓይኗን ከአጥሩ ሳትነቅል።