ሠላሳ አንድ መልእክት

ጥርርር! ከጠረጴዛ ጋር እየተንቀጠቀጠ የሚጮኽ ስልክ ነው፤ አንዴ ጮኾ ዝም አለ።

ወጣቱ ፕሮግራመር ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ፈገግ አለ። ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማሽን ላይ ተኝቶ የሚውለውን፣ ሥራ ሲመጣ ብቻ ብንን የሚለውን ትንሽ ፕሮግራም ራሱ በጻፈው ስክሪፕት፣ በተከታታይ ትእዛዞች፣ ሊጭን የኢንተርን ቁልፍ የነካው ገና አሁን ነው። የሙከራው ዝርዝር ውስጥ ያለው ስልክ አንድ፣ የራሱ ብቻ ነው። «ደረሰ!» ብሎ ከኪሱ አወጣው።

ምንም መልእክት አልገባለትም።

የጮኸው ከፊት ለፊቱ የተቀመጠችው የእታለም ስልክ ነበር። ቢሮው በሙሉ እታለም ይላታል፤ እሱን ከሀ እስከ ፐ ያስተማረችው እሷ ናት። እሷ ደግሞ ሐሳብ ይዞት ሲሄድ እያየች «ፈላስፋው» ትለዋለች።

«ፈላስፋው፣ የት ነው የጫንከው?» አለች፣ ስልኳን በጨረፍታ አይታ።

«ሙከራው ላይ ነዋ።»

«ብለህ ጽፈሃል? ወይስ እንደ ልማድህ ባዶውን አለፍከው?»

ክው አለ። ስክሪፕቱ «የት ልጫን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ እውነተኛ ታካሚዎች ያሉበት ዋናው ላይ ይጭናል። እንዲያ አድርጎ የጻፈው ራሱ ነው፣ ጣቱን ከድካም ሊያድን። ሦስት ጊዜ ነግራው ነበር፦ «መልስ ያጣ ስክሪፕት ይቆማል እንጂ አይገምትም። ማሽን ይሉኝታ የለውም፣ አንተዬ!» እየሳቀ ነው ያለፋት።

«እታለም… ዋናው ላይ ሄዷል።» ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ፕሮግራሙ የአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ነው። የምርመራ ውጤታቸው ክፉ የሆነባቸውን ብቻ ለይቶ፣ «ውጤትዎ ደርሷል፤ ነገ ጠዋት ከቤተሰብዎ አንድ ሰው ይዘው ይምጡ» የሚል የስልክ መልእክት ይልክላቸዋል። ሐኪም ሳይፈርም እንዳይልክ የምታግደውን የኮድ መስመር ለሙከራ ብሎ ዛሬ ጠዋት ያነሳት እሱ ነው።

«ምን አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ? የትናንቱን ቅጂ መልስ!»





ጻፈ። ተሳሳተ፤ እንደገና ጻፈ። የቀድሞው ቅጂ ቦታውን ያዘ።

«ስንት መልእክት ወጣ?»

«ሠላሳ አንድ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሠላሳ አንድ ሰው በዚህች ሰዓት አንዱ መኪና እየነዳ፣ አንዷ ልጇን ከትምህርት ቤት እየተቀበለች፣ አንዱ ቆሞ ገበያተኛ እያስተናገደ ስልኩን ይከፍታል።

«ላብራቶሪ ደውል» አለች። «ሐኪሞቹ አሁኑኑ አንድ በአንድ ያነጋግሯቸው። ደግሞ ያጠፋሁት እኔ ነኝ በል፤ ስክሪፕቱ ነው እንዳትል።»

ደወለ። ስልኩ እየጠራ ሳለ እሷ የእሱን ኪቦርድ ወደ ራሷ ስባ መጻፍ ጀመረች። ጣቶቿ አልቸኮሉም።

«ይኸው። ከአሁን በኋላ መልስ ካጣ ይቆማል።»

ያኔ ነው የገባው። የሙከራው ዝርዝር ውስጥ የእሷ ቁጥር የለም፤ ስልኳ ላይ የገባው ከሠላሳ አንዱ አንዱ ነው። መልእክቱ ክፉ ውጤት ላላቸው ብቻ እንዲሄድ የሚለየውን ክፍል የጻፈችው ደግሞ እሷው ራሷ ናት። ቀና ብሎ አያት።

«እታለም፣ ስልክሽ ላይ…»

ተነሥታ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ስልኳን በፊቱ ደፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ዚፑን እስከ ጫፉ ዘጋች። ከዚያ ወደ ኋላ ሳትዞር በሩን ከፍታ ወጣች።

«ሄሎ፣ ላብራቶሪ ነው» አለ ጆሮው ላይ ያለው ድምፅ። «ሄሎ? ማን ልበል?»